ለቅሶ ያልተደረሰላት ውሃ ቀጂ

ለክቡራን የ«ዳር የለሽ ምድር» ጨዋታ አዘጋጅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ሠዓሊዎች፣ ጸሐፊዎችና የማስታወቂያ ክፍል ባልደረቦች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና፣ ቅሬታና አንዲት ትንሽ ልመና ስለማቅረብ

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእግዚአብሔር ሰላምና ጤና ለእናንተ፣ ለቤተሰቦቻችሁ፣ እንዲሁም ቢሯችሁ ውስጥ በር ስሎ መክፈቻውን ለረሳው ባለሙያ ይሁን እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። የምጽፍላችሁ ደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ነው። ስሜ ማረው አግማስ ይባላል፤ ዕድሜዬ ስልሳ አራት፣ ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ሃይማኖቴ ወንጌላዊ ክርስቲያን፣ ትዳርን በተመለከተ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነኝ። ኮምቦልቻ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ መርማሪ ሆኜ ሠርቼ በጡረታ ወጥቻለሁ። ጨርቅ መርማሪ ማለት፣ ከሥሩ መብራት በተገጠመለት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ እያየ፣ ክር የተበጠሰበትን፣ ዘይት የነካውን፣ ቀለም የዘለለውን ቦታ በጠመኔ የሚያከብብ ሰው ነው። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የምታገኟቸው ክቦች ከክፋት ሳይሆን ከልማድ የመጡ መሆናቸውን እንድትረዱልኝ ነው።

የእናንተን ቋንቋ ስለማልችል ይህን ደብዳቤ የምትተረጉምልኝ ኮምቦልቻ የምትኖረው ልጄ ሔርሜላ ናት። እኔ በእጄ ጽፌ በማውቀው የታክሲ ሹፌር እልክላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ተርጉማ፣ ተጫዋቾች አስተያየት እንዲሰጡበት በከፈታችሁት ገጽ ላይ፣ አማርኛውንም ጭምር፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ትለጥፈዋለች። ስለዚህ ቃሉ ሻካራ ሆኖ ካገኛችሁት የእኔ ነው፤ ለስልሶ ካገኛችሁት የእሷ ነው።

የእኔን ዕድሜ ሰው ከጨዋታ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፤ ብትሉም አልፈርድባችሁም። ሔርሜላ የምትሠራው ደረቅ ወደቡ አጠገብ አንድ የትራንዚተር ቢሮ ውስጥ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ ሠርቶ መመለስ ለብዙ ሰው የየዕለት ኑሮ ነው፤ እኔም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያደረግኩት ነው። እሷ ግን የታክሲው ሰልፍ አስመረረኝ ብላ እዚያው ቤት ተከራየች። ምክንያቱ ሰልፉ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ግን ሰልፉን አጥብቀን አማርረን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ትደውልልኛለች። «አባዬ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?» ትላለች። «ወስጃለሁ» እላለሁ። «መብራት አለ?» ትላለች። ካለ አለ፣ ከሌለ የለም እላለሁ። «እሺ በቃ፣ ሰላም ዋል።» ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ፋሲካ ላይ ስትመጣ፣ ቢሮዋ ዕቃ ሲቀይር የሰጣትን አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክማ መጣች። ጨዋታችሁን ጭናበት ነበር። በማስታወቂያችሁ ላይ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በአንድ ከተማ ሌላው በሌላ ከተማ ቤቱ ተቀምጦ፣ በአንድ ምድር ላይ ጎን ለጎን መሄድ እንደሚችሉ ተናግራችሁ ነበርና፣ እሷም ያንን ነገረችኝ። «ገና አልወጣም፤ ሊወጣ ነው ብለዋል» አለችኝ። «እስኪወጣ አንተ ተለማመድ። ሲወጣ እኔ ከዚያ፣ አንተ ከዚህ ሆነን አብረን እንሄዳለን።» ይህን ስትል ፊቴን አላየችም፤ ሽቦ እየሰካች ነበር። እኔም ሽቦውን አየሁ። እናንተ ዘንድ ይህ አንድ የማስታወቂያ መስመር እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ቤት ግን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የተሰማ የመጀመሪያው «አብረን» ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን ከማንሣቴ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም፤ ሥርዓቱም እንዲያ ነው። ዝናባችሁ ድንቅ ነው። ሐምሌ ላይ ጦሳ ተራራ ከላይ እየተሸፈነ እንደሚመጣው ሆኖ ይመጣል፤ መጀመሪያ ጫፉ ይጠፋል፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ ይደርሳችኋል። ሣሩም ነፋስ ሲነካው ባንድ ጊዜ አይተኛም፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ነው የሚተኛው። ይህን የሠራው ሰው ተንበርክኮ ሣር አይቷል ማለት ነው። ሰውን ለማየትም እንዲሁ ጊዜ ተርፎት ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ባላባከንኩ ነበር።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ በሮቹ ነው። «የምታየው በር ሁሉ ይከፈታል» ብላችኋል፤ ይህ እናንተ ራሳችሁ የጻፋችሁት ነው። እኔም እንዳደግኩበት፣ ከተማው ስገባ መጀመሪያ ያሰብኩት ለሰፈሩ ሰው ሰላምታ ማቅረብ ነበር። «ቤቶች» ብሎ መጣራት የሚያስችል ቁልፍ ስላልሠራችሁ ማንኳኳት ብቻ ቀረልኝ። ከገበያው በር ጀምሬ እስከ ወንዙ ድረስ መቶ አሥራ ሁለት ቤት አንኳኳሁ፤ የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። በእያንዳንዱ በር ላይ «ይህ በር ከወዲያ በኩል ተቆልፏል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሔርሜላ ይህንንም፣ በጨዋታው የሚመጡትን ሌሎች ጽሑፎችም ተርጉማ በወረቀት ጽፋልኝ ኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፋልኛለች። እኔም እውነት ነው ብዬ፣ ሰው ቢኖር ነው የሚቆልፈው ብዬ፣ ተጽናናሁ። የጨርቅ መርማሪ ልማድ ሆኖብኝ ግን ጨርቁን ገልብጬ ሳላይ አላልፍም፤ በአንዱ ቤት ጓሮ ዞርኩ። ከወዲያ በኩል የለም፣ ክቡራን። ፊት ለፊቱ ብቻ ነው የቆመው። እንግዲህ ማን እንደቆለፈው ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ሁለተኛው ስለ መንደርተኞቹ ነው። «እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሕይወትና የራሱ ትዝታ አለው» ብላችኋል። ከተራራው ሥር ባለችው መንደር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፍየሉ ጠፍታበት አገኘሁት። ፍየሊቱን ፍለጋ ገደል ገብቼ፣ ፈረሴ በድንጋይ ውስጥ ግማሽ አካሉ ተሰንቅሮ ቀርቶ፣ በእግሬ ይዤለት መጣሁ። አመሰገነኝ። ዘወር ብዬ ስመለስ ግን ረስቶኛል። «ዛሬ ቀኑ ጥሩ ነው» አለኝ። ቆይቼ ስመለስ «ተራራው ላይ ተኩላ አለ ይባላል» አለኝ። ሦስተኛ ስመለስ «መንገድህ ይቅና» አለኝ። ከዚያ እንደገና ቀኑ ጥሩ ሆነ። ሌሎቹንም ሞከርኳቸው፤ ሴቱም ወንዱም እነዚህን ሦስት ነገሮች ተከፋፍለው ነው የሚኖሩት። በጣም አዘንኩባችሁ። በጠመኔዬም አከበብኩት። እሁድ ደርሶ ሔርሜላ ስትደውል፣ መድኃኒቴን መውሰዴንና መብራት መኖሩን ነግሬያት ስልኩን ሳስቀምጥ ግን፣ ያከበብኩት ክብ ውስጥ ማን እንዳለ አየሁ። በዚህ ረገድ እናንተን ብቻ መክሰስ እንደማይገባኝ ስለተረዳሁ ሁለተኛውን ቅሬታዬን በግማሽ ቀንሼዋለሁ።

ሦስተኛው ስለ ምርጫ ነው፤ እዚህ ላይ ብረዝም ታገሡኝ።

በዚያችው መንደር የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ የምትቆም አንዲት ሴት አለች። ስም አልሰጣችኋትም፤ እኔ ለራሴ ውሃ ቀጂዋ እላታለሁ። ሰው ሲያልፍ ቀና ትላለች፤ ቀና ስትልም ግራ እጇን ጀርባዋ ላይ፣ ከወገቧ ትንሽ ከፍ አድርጋ ታሳርፋለች። ሠሪዋ ምን አስቦ እንዲያ እንዳደረጋት አላውቅም። የኩላሊት ሕመምተኛ ያየ ሰው ግን ያቺን እጅ ያውቃታል። ሚስቴ ትርፌ እንደዚያ ነበር የምትቆመው።

በጨዋታው አጋማሽ ላይ ሽፍቶች ወደ መንደሩ እየመጡ ነው ይባላል። መንደርተኛው ተሰብስቦ የእኔን ቃል ይጠብቃል። ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ «አሁኑኑ እንውጣ» ወይም «እዚሁ እንጠብቅ»። ከላይ ደግሞ «ውሳኔህ ይህን ምድር ለዘላለም ይለውጣል» ብላችሁ ጽፋችኋል።

ክቡራን፣ እኔ ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት ተጠይቄዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቀርብ፣ ልጄ ሳሎኑ መሐል ቆማ «አባዬ፣ መኪና እያለ እንውጣ፤ እማዬ በእግሯ አትችልም» አለችኝ። እኔ «እንጸልይበት» አልኩ። ጸለይንበት። በማግስቱም እንውጣ አለች፤ በማግስቱም እንጸልይበት አልኩ። በሦስተኛው ቀን መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። በእግራችን ወጣን። ትርፌ አራት ቀን ሄደች። በአምስተኛው ቀን፣ ተፈናቃይ በሰፈረበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ «አራተኛ ክፍል ለ» ተብሎ በተጻፈበት በር ሥር ሞተች። የማናውቃቸው ደጎች ቀበሩልን። ድንኳን አልተጣለም፣ እድር አልመጣም፣ መዘምራን አልቆሙላትም። ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ሰው ሁሉ የየራሱን ሞት ይዞ ነበር የተመለሰው፤ ማን ማንን ያጽናና። ያ «እንጸልይበት» ያልኩት እምነት ነበር ወይስ ቤቴን ጥዬ መሄድ ፈርቼ በጌታ ስም የተከለልኩበት ነበር፣ እስከ ዛሬ ስመረምረው አለሁ። ከሥሩ መብራት አብርቼ ሳየው የሚታየኝ ፍርሃት ነው።

እንግዲህ ምርጫችሁ ፊቴ ሲደቀን፣ የመጀመሪያ ጊዜ ጣቴ የሄደው «እዚሁ እንጠብቅ» ላይ ነው። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። መንደሩ ተቃጠለ፤ ውሃ ቀጂዋ ጉድጓዱ አጠገብ ወደቀች። እኔም ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ከሰዓት በኋላ መብራት ባለ ቁጥር እየተቀመጥኩ፣ ፍየሊቱን ዳግመኛ ፈልጌ፣ ፈረሱን ዳግመኛ ከድንጋይ ለማውጣት ታግዬ፣ በሁለት ሳምንት እዚያው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። «አሁኑኑ እንውጣ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ይህን ብነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። መንደርተኞቹ አምስት እርምጃ ሄዱ። ስክሪኑ ጠቆረ። «ከሦስት ቀን በኋላ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሲበራ መንደሩ ተቃጥሏል፤ ውሃ ቀጂዋም በዚያው ድንጋይ ላይ፣ በዚያው ጎኗ፣ እጇን እዚያው ጀርባዋ ላይ አድርጋ ወድቃለች። የእንስራዋ ስባሪዎች እንኳ የወደቁበት ቦታ አልተለወጠም። ምናልባት ስህተቱ የእኔ ይሆናል ብዬ አራት ጊዜ ሞከርኩ።

በአራተኛው ጊዜ፣ ቀኑ እሁድ ሳይሆን፣ እኔው ለሔርሜላ ደወልኩላት። «ምን ሆንክ?» አለች ደንግጣ። የሆነውን ነገርኳት። «እሱማ ሁሉም ሰው ላይ እንደዛው ነው አባዬ» አለችኝ። «መጀመሪያ የተለያየ መጨረሻ ሊሠሩለት ነበር አሉ፤ ጊዜ አጠራቸው። ምረጥ የሚሉህ እንዲሁ ለይስሙላ ነው።» ስልኩ አልተዘጋም። በእሷ በኩል ኮንቴይነር የጫነ ከባድ መኪና ሲያልፍ እሰማ ነበር፤ እስኪርቅ ድረስ ሰማሁት። በመጨረሻ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» አለችኝ።

ሳታውቁት ግን አንድ ታላቅ ስጦታ ልትሰጡኝ ተቃርባችሁ ነበርና ለእርሱም ላመሰግናችሁ ይገባል። ወጣንም ቀረንም ያው ነበር፤ ሴትዮዋ በዚያው ድንጋይ ላይ መውደቋ ቀድሞ የተጻፈ ነበር፤ ስለዚህ «እንጸልይበት» ያለው ሰውዬ ምንም አላጠፋም። በዚህ ሐሳብ ሁለት ቀን ሙሉ ተደላድዬ ኖርኩ። እንጀራ በላሁ፣ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ለጸሎት ስንበረከክ ግን ያንን ሐሳብ እንደ ጨርቅ ገልብጬ አየሁት። የተበላሸ ጨርቅ ለሰው ንጽሕና ማስረጃ አይሆንም። የእናንተ ምድር ሁለት መንገድ የሌላት ሠሪዎቿ ደክመው ስለተዉአት ነው። እኔ የኖርኩባት ምድር ሠሪ አልደከመም። እዚያ እውነተኛ ሁለት መንገድ ነበር፤ በአንደኛው ላይ ደግሞ መኪና ቆሞ ነበር።

አራተኛው ቅሬታዬ አጭር ነው፤ እናንተንም ብዙ አያደክምም። ውሃ ቀጂዋ ከወደቀች በኋላ እንደ ሥርዓቱ ለቅሶ ተቀመጥኩላት። «ተቀመጥ» የሚል ቁልፍ ሠርታችኋል፤ ለዚህ ይሆናል ብዬ ነበር። መንደርተኛው እስኪሰበሰብ እኔ ቀድሜ ጉድጓዱ አጠገብ ልቆይ ብዬ፣ በጨዋታው ውስጥ የማንቀሳቅሰውን ሰውዬዬን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ እኔም እዚህ ወንበሬ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አሚና ሳህን ልትመልስ የገባችው ይኼኔ ነው።

«ጋሽ ማረው፣ ማን ሞቶብዎት ነው እንዲህ ያቀረቀሩት?» አለችኝ።

ወደ ስክሪኑ አመለከትኳት። ኮምፒውተር መሆኑን አልሳተችውም፤ ከልጅ ልጆቿ ጋር ውላ የምታድር ሴት ናት። ጠጋ ብላ አየቻት። «የማን ናት?» አለች። ስምም ሰውም እንደሌላት ነገርኳት። «አጂብ ነው። ቀባሪ እንኳ አልሰጧትም?» አለች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ሻርፗን ወደ ፊት ሳበች፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑን ትታ ግድግዳውን እያየች፣ «ለትርፌም ሳልቀመጥላት ቀረሁ» አለች። «ወላሂ ጋሽ ማረው፣ ያኔ እኔም በየሰው አገር ስንከራተት ነበር። ከተመለስኩ ወዲያ ደግሞ ቀኑ አለፈና አፈርኩ። አብሽሩ ልበላቸው እያልኩ ስንት ጊዜ እበርዎ ደርሼ ተመለስኩ።»

ሚስቴ ለቅሶ የተደረሰላት እንዲህ ሆኖ ነው፤ በእናንተ ውሃ ቀጂ ሬሳ ላይ፣ በአራተኛ ዓመቷ፣ በአንዲት ሙስሊም ጎረቤቷ። ለዚህ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናችኋለሁ።

በእናንተ መንደር በኩል ግን ማንም አልመጣም። ዝናባችሁ በጉድጓዱ ጣሪያ ውስጥ አልፎ መጣ። ፍየሉን ያመጣሁለት ሽማግሌ ወጣ፤ ደርሶልናል ብዬ ሰውዬዬን ላነሣው ስል፣ በሬሳዋ ላይ ተራምዶ አልፎ «ዛሬ ቀኑ ጥሩ ነው» አለኝ። አሚና ፊቴን አይታ «ይተዉት፣ ደንግጦ ነው» አለች። ለሰዎቻችሁ እናንተ ያልሰጣችኋቸውን ልብ የሰጠቻቸው እሷ ናት። ደመወዝ ካላችሁ ብትቀጥሯት መልካም ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው። ባለፈው ወር «ውድ የማኅበረሰባችን አባላት» ብላችሁ የጻፋችሁት ማስታወቂያ በሔርሜላ ትርጉም ደርሶኛል። ሁለት ሰው አብሮ የሚሄድበት ክፍል እንደማይመጣ፣ ጨዋታውም ከታኅሣሥ ጀምሮ እንደሚዘጋ፣ እናንተም ከዚህ ወደሚሰፋ አዲስ ምድር መሸጋገራችሁን ገልጻችሁ፣ «አብራችሁን ስለተጓዛችሁ እናመሰግናለን» ብላችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ይህኛው የጠበበን በስፋት ነበር እንዴ? እኔ እንኳ ከዳር እስከ ዳሩ ያለው መሬት በዝቶብኝ ነበር። የሚበቃኝ ከከተማው በር እስከ ተራራው ድልድይ ያለው መንገድ ነበር። ፈረሱን ትቶ በእግር የሄደ ሰው አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሄጄበት ለክቼዋለሁ። ቀስ ብለን ጎን ለጎን ስንሄድ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ፣ እሷ በክፍሏ እኔ በሳሎኔ ሆነን፣ ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ልነግራት አስቤ ነበር። በዚያ በኩል ወንዙ ይጮኻል፤ ድምፄ ቢሰበር አይሰማም ብዬ ነበር ቦታውን የመረጥኩት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያንን ክፍል ስጠብቅ የኖርኩት ለዚህ ነው። አሁን ድልድዩን ስለወሰዳችሁብኝ፣ ሌላ ቦታ ስለሌለኝ፣ እዚሁ እናንተ ፊት ልናገረው ነው። ተርጓሚዬ እዚህ ላይ ብትቆም ታገሷት።

ሔርሜላ፣ ልክ ነበርሽ። መኪና እያለ እንውጣ ያልሽው አንቺ ነበርሽ። ያቆየኋችሁ እኔ ነኝ። እናትሽን በእግሯ ያስኬድኳት እኔ ነኝ፤ በጌታ ላይ ልጥለው አልችልም፣ ለጦርነቱም ብቻውን ልተወው አልችልም። አንቺ ይህን ከአፌ ስትጠብቂ በየእሁዱ መብራት አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔ ደግሞ አለ፣ የለም እያልኩ መለስኩልሽ። ይቅር በይኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም። ልክ ነበርሽ ለማለት ግን አራት ዓመት አይፈጅም ነበር።

ክቡራን ሆይ፣ ወደ እናንተ ልመለስ። ልመናዬ ትንሽ ናት። ጨዋታውን አስተካክሉ አልላችሁም፤ በሮቹም ይቅሩ፣ ፈረሱም ድንጋዩ ውስጥ ይሰንብት። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን አንድ ሰው፣ ያ የፍየሉ ሽማግሌም ቢሆን፣ ጉድጓዱ አጠገብ መጥቶ ይቀመጥላት። ምንም እንዲናገር አያስፈልግም። ስለ ተኩላውም ባያነሣ ይመረጣል። መቀመጥ እንደሚቻል ቁልፉ ይመሰክራል፤ ጎድሎ የነበረው የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው። ይህን አድርጋችሁ መብራቱን ብታጠፉት እኔ በበኩሌ ሥራችሁን ጨርሳችኋል እላለሁ።

ይህ ደብዳቤ እናንተ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። ተርጓሚዋ አምስተኛው ቅሬታ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጥፋ ብታስቀምጠው አልቀየማትም፤ እናንተም አትቀየሟት። የተጻፈለት ዋናው ቦታ ደርሷል ማለት ነው፤ እስካሁን ከላካችሁልን ተስፋ ሁሉ አንዱም እንዲህ ቦታው አልደረሰም። እናንተ ካነበባችሁት ግን ለጥፋዋለችና፣ እባካችሁ ደስ ይበላችሁ። እኔም ደስ ይለኛል።

ለሰጣችሁን ሣር፣ ላልሰጣችሁን ሰው፣ ለፈጀሁባችሁ ጊዜና ለፈጃችሁብኝ ዓመት የከበረ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በምትሠሩት አዲስ ምድር ላይ እግዚአብሔር ማስተዋልን እንዲጨምርላችሁ፣ ከማስታወቂያ ክፍላችሁ ላይ ደግሞ ጥቂት ቃላትን እንዲቀንስላችሁ በጸሎት እያሰብኳችሁ፣

ጡረተኛው ጨርቅ መርማሪ፣ አክባሪያችሁ
ማረው አግማስ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አሚና፣ እዚሁ ጎረቤት (በቃል ይነበብላታል)
ለሔርሜላ ማረው፣ ኮምቦልቻ

ማሳሰቢያ፦ መልስ ልትጽፉልኝ ብታስቡ አትድከሙ፤ ቀኑ ጥሩ መሆኑን፣ ተራራው ላይ ተኩላ መኖሩንና መንገዴ እንዲቀና መመኘታችሁን አስቀድሜ አውቄአለሁ። በዚያ ላይ ቅዳሜ ቤት አልገኝም። የእናንተን መቶ አሥራ ሁለት በር አንኳኩቻለሁ፤ ልጄ በተከራየችው ቤት በር ላይ ግን ቆሜ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የምትመጣው እሷ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉን ይዤ እወርዳለሁ። በሩ ከወዲያ በኩል ተቆልፎ ባገኘውም እንኳ ያ በር ወዲያ በኩል አለው።